የቅኝ ግዛት ዘመን ባለመርከብ ነጋዴን ታሪክ ከሒሳብ መዝገቡ መጻፍ

ጆን ብራውን ለመለማመጃ ይመቻል። የሮድ አይላንድ ነጋዴና ባለመርከብ ሲሆን ከ1799 እስከ 1801 የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1859 ሃርፐርስ ፌሪ ላይ ባርነትን ለማጥፋት ከተነሣው ጆን ብራውን ጋር አታምታቱት፤ ይኛው በ1803 ሞቷል። ብራውን ዩኒቨርሲቲም የተሰየመው በወንድሙ ልጅ በኒኮላስ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን አጣሩ። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች እስከ 1752 ድረስ አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ነበር። ስለዚህ በጃንዋሪ 1736 የተወለደው ብራውን በዘመኑ መዝገብ «1735» ወይም «1735/6» ተብሎ ቢገኝ አታርሙት። ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የምትመልሱ ከሆነ ሁሉንም ጨርሳችሁ በአንድ ጊዜ አድርጉት፤ እየገለበጡ መመለስ ዓመት ያዛባል።

ገንዘቡ ይቀጥላል። አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ፣ አንድ ሽልንግ 12 ፔንስ ነው። የስፔን ዶላር በስተርሊንግ (በእንግሊዝ አገር ገንዘብ) 4 ሽልንግ ከ6 ፔንስ፣ ሮድ አይላንድ ባለችበት በኒው ኢንግላንድ «ሕጋዊ ገንዘብ» ግን 6 ሽልንግ ይታሰብ ነበር፤ 100 ፓውንድ ስተርሊንግ እዚያ 133 ፓውንድ ከ6 ሽልንግ ከ8 ፔንስ ይሆናል። የቀድሞው የሮድ አይላንድ የወረቀት ገንዘብ ደግሞ እጅግ የረከሰ ስለነበር፣ ሳይለይ የደመረ ሰው ድሃውን ባለጸጋ ያደርገዋል።

ዋናው ሥራ ያለው በመርከቧ መዝገብ ላይ ነው። አራቱ ወንድማማቾች ኒኮላስ፣ ጆሴፍ፣ ጆንና ሞዝስ በ1764 «ሳሊ» የተባለችውን መርከብ በካፒቴን ኢሴክ ሆፕኪንስ መሪነት ወደ ምዕራብ አፍሪካ ላኩ። መዝገቡ ረም የሚባል የአልኮል መጠጥና ሌላ ዕቃ ተሰጥቶ ሰው የተገዛበትን፣ ከዚያም የሞተውን እየቆጠረ ይሄዳል። በወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ስሩ፤ በአንዱ የተገዙትን፣ በሌላው የሞቱትን ከነቀናቸው አስፍሩ። የተገዙት 196 ናቸው። ከእነዚህ ቢያንስ 109 ሞተዋል። «ቢያንስ» የሚለውን አትጣሉት። ሞቱ የካሪቢያን ደሴት ከሆነችው አንቲጓ ከተደረሰ በኋላም ስላልቆመ፣ ባሕሩ ላይ ያለቁትን ብቻ የቆጠረ ሰው ድምሩን ያሳንሳል። ጉዞው የአራቱም ስለነበር ዕዳውን በጆን ብቻ አትጫኑ፤ ከእሱም አታውርዱ።

ፖለቲካው የሚገባችሁ ከዚህ በኋላ ነው። ሞዝስ በ1773 ባሪያዎቹን ነጻ አውጥቶ የባሪያ ንግዱን ተዋጋ። ጆን ግን ከአሜሪካ ወደ ውጭ አገር የሚደረገውን የባሪያ ንግድ በከለከለው በ1794ቱ ሕግ መሠረት በ1797 ተከሶ «ሆፕ» የተባለች መርከቡን ተወረሰ፤ በ1800 ደግሞ ሕጉ እንዳይጠነክር በምክር ቤት ተከራከረ። የሁለቱን ደብዳቤዎች ሳትለያዩ በየቀናቸው ደርድሩ። ጋዜጣ ስትፈትሹ የብዕር ስምም ፈልጉ፦ ጆን በ1789 በፕሮቪደንስ ጋዜጣ የባሪያ ንግድን ሲሟገትለት የፈረመው «ዜጋ» ብሎ ስለነበር፣ በስሙ ብቻ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።