«ከባድ» በእንግሊዝኛ ስንት ነው? ቃልን በዐውዱ መርጦ የመማር ዘዴ

መካከለኛ ደረጃ የደረሰ የእንግሊዝኛ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚቸገረው ቃል አጥቶ አይደለም። «ሄቪ»ንም፣ «ሲሪየስ»ንም፣ «ሲቪር»ንም ያውቃል። ሦስቱም ደብተሩ ላይ «ከባድ» ተብለው ተተርጉመዋል፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚያ ነው። ሊጽፍ ሲቀመጥ መጀመሪያ ትዝ ያለውን ያነሣል፣ «ሄቪ ሚስቴክ» ብሎም ያርፈዋል። ሰሚው ሐሳቡን ይረዳዋል፤ ግን እንግሊዝኛ እንዲህ አይባልም።

የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ በቀን 20 ደቂቃ እና ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጀ እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነው። «ለተማሪዎች» የሚለውን ልብ ይበሉ። ለምሳሌ ሎንግማን ቃላትን የሚያብራራው 2000 ያህል ቀላል ቃላትን ብቻ ተጠቅሞ ስለሆነ፣ አንዱን ቃል ፍለጋ ሄደው ሌላ አምስት የማያውቁት ቃል አያጋጥምዎትም። የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላትዎን አይጣሉት፤ የቃሉን ጠቅላላ ሐሳብ ለመያዝ ያገለግላል። ከሁለት ቅርብ ቃላት አንዱን ለመምረጥ ግን አይረዳዎትም። ደግሞ እዚህ ቃላቱን በፊደላችን ብንጽፋቸውም ደብተርዎ ላይ በራሳቸው ፊደል ይጻፏቸው፤ በድምፅ ተቀራርበው በአጻጻፍ ብቻ የሚለዩ ቃላት ጥቂት አይደሉም።

ደረጃ 1፦ ንባብ ይምረጡ። ከጽሑፉ 100 ቃል ይቁጠሩ። ከ5 በላይ የማያውቁት ካለ ይተዉት፤ ዙሪያው ራሱ ካልገባዎት ፍንጭ የሚሰጥዎ ነገር የለም።

ደረጃ 2፦ መዝገበ ቃላት ሳይከፍቱ ይገምቱ። አዲሱን ቃል በጣትዎ ይሸፍኑና በቦታው የራስዎን ቃል ያስገቡ፤ አማርኛም ቢሆን ግድ የለም። መንገዱን የሚያሳዩት አያያዦቹ ናቸው። «ኦልዞ» (ምንም እንኳ) ወይም «በት» (ግን) ካለ ሐሳቡ ይገለበጣል፣ «ቢኮዝ» ካለ ምክንያት ይመጣል። የዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ «ብዙ ገንዘብ ቢያገኝም ____ ሰው ነው፤ ጓደኞቹም ይህን ያደንቁለታል» ነው እንበል። «ቢያገኝም» የሚለው ገንዘብ የማይበትን ሰው መሆኑን ይነግረናል። ቆጣቢ ይሁን ቆንቋና የሚያስታውቀው ግን «ያደንቁለታል» ነው። ስለዚህ «ፍሩጋል» ይገባል፣ «ስቲንጂ» አይገባም። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ፍንጭ ይዞ ሁለተኛውን ሳያነብ ይመልሳል።

ደረጃ 3፦ ከቅርብ ቃላት አንዱን ይምረጡ። አብዛኛው ጊዜዎ የሚያልፈው እዚህ ነው፤ ማለፍም ያለበት እዚህ ነው።

መጀመሪያ ቃሉ ከማን ጋር እንደሚሄድ ይጠይቁ። «ከባድ»ን ብቻውን አይተርጉሙት፤ ከተከታዩ ስም ጋር ይተርጉሙት። ከባድ ዝናብ «ሄቪ ሬይን» ነው፤ ከባድ ሕመም «ሲቪር ፔይን»፤ ከባድ ስህተት «ሲሪየስ ሚስቴክ»፤ ከባድ ፈተና «ዲፊከልት ኤግዛም»፤ ከባድ ውሳኔ «ታፍ ዲሲዥን»። ቅጣት ላይ ደግሞ ይከፈላል፦ የገንዘብ ከሆነ «ሄቪ ፋይን» ይባላል፣ በጥቅሉ ከሆነ «ሃርሽ» ወይም «ሲቪር ፓኒሽመንት»። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ሕግ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። እኛም ካፌ ገብተን «ቀጭን ሻይ»፣ «ወፍራም ቡና» እንላለን፤ እንግሊዝኛው ግን ሻዩን «ዊክ»፣ ቡናውን «ስትሮንግ» ይለዋል። «ሲን ቲ» ብለው ቢያዙ አስተናጋጁ ግራ ይጋባል። ሕልምም እኛ እናየዋለን፤ በእንግሊዝኛ ግን «ሃቭ ኤ ድሪም» ነው።

ቀጥሎ ከቃሉ ኋላ ምን እንደሚመጣ ይመልከቱ። የአማርኛው አገባብ ሳይታወቅ ሾልኮ የሚገባው እዚህ ነው። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስ»ን «አባውት» እናስከትለዋለን፤ አያስፈልገውም፣ ጉዳዩ በቀጥታ ይከተለዋል። «ከእሱ ጋር ተጋባች» ስለምንልም «ሜሪድ ዊዝ» እንላለን፤ ትክክሉ «ሜሪድ ቱ» ነው። «ስቲል» እና «ሮብ» ሁለቱም ስርቆት ናቸው፤ «ስቲል» ተሳቢው የተሰረቀው ዕቃ ነው፣ «ሮብ» ተሳቢው የተዘረፈው ሰው ወይም ባንክ ነው። ቦርሳዎ ተሰርቆ «ሂ ስቶል ሚ» ካሉ እርስዎን ራስዎን ይዞ ሄደ ማለት ነው።

ከዚያ ቃናው። «ስሊም» ሸንቃጣ ነው፣ «ስኪኒ» ከሲታ። «ፌመስ» በመልካሙ ይታወቃል፣ «ኖቶሪየስ» በክፉው። «ኮዝ» የሚለው ግስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት፣ ችግር፣ መዘግየት የመሰለ መጥፎ ነገር ያስከትላል። ደስ የሚል ውጤት ሲመጣ «ሊድ ቱ» ወይም «ብሪንግ» ይሻላል።

መጨረሻ የት እንደሚነገር። ቴሶረስ የሚባለው የተመሳሳይ ቃላት መዝገብ አደገኛ የሚሆነው ይህን ስለማይነግርዎ ነው። «ስታርት»ን አስወግደው «ኮሜንስ» ካስገቡ፣ ለጓደኛዎ የላኩት መልእክት የፍርድ ቤት መጥሪያ ይመስላል። አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ መመዘኛ ፈተና የቃላት አጠቃቀም የጽሑፉም የንግግሩም ውጤት ሩብ ነው፤ ረጅም ቃል አለቦታው መደርደር ግን ነጥብ ያስቀንሳል እንጂ አያስጨምርም። ጂአርኢ በሚባለው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ላይ ደግሞ ከ6 አማራጭ 2 ምረጡ የሚል ጥያቄ አለ። ሁለት ተመሳሳይ ቃላት አይተው አይቸኩሉ፤ ተመሳሳይ ሆነው ለዓረፍተ ነገሩ የማይስማሙ ጥንዶች ሆን ተብለው ይገባሉ። አንዱን ብቻ ላገኘ ከፊል ነጥብ የለም።

መዝገበ ቃላቱ ካልቆረጠልዎ ኮርፐስ፣ ማለትም ሰዎች ከጻፉትና ከተናገሩት የተሰበሰበ የቋንቋ ክምችት፣ ይክፈቱ። ኮካ የሚባለው የአሜሪካ እንግሊዝኛ ክምችት ከ1990 እስከ 2019 ከተጻፉና ከተነገሩ ጽሑፎች የተሰበሰበ ከ1 ቢሊዮን በላይ ቃል አለው፤ በነፃ ተመዝግቦ መፈለግ ይቻላል። ስሙን ያስገቡና ከፊቱ የትኞቹ ቅጽሎች እንደሚበዙ ይመልከቱ። ጎግል ላይ በትእምርተ ጥቅስ መፈለግም ይረዳል፤ ግን በሚያወጣው ቁጥር አይመኑ፣ ዓረፍተ ነገሮቹን ራሳቸውን ያንብቡ።

ደረጃ 4 እና 5 አብረው ይሄዳሉ፦ መመዝገብና መከለስ። ቃሉን ለብቻው አይጻፉ። ያገኙበትን ዓረፍተ ነገር በካርድ (ከደብተሩ በተቆረጠ ትንሽ ወረቀት) ላይ ይገልብጡ፣ ቃሉን አውጥተው ባዶ ቦታ ይተዉ፣ የመጀመሪያ ፊደሉን ግን ያስቀሩ። ፊደሉ ከሌለ ባዶ ቦታውን ሦስት አራት ቃል ይሞላዋል፤ ትክክል መልሰውም ተሳሳትኩ ብለው ይበሳጫሉ። በካርዱ ጀርባ ቃሉንና አብረውት የሚሄዱ ሁለት ስሞችን ይጻፉ።

በስልክ መሥራት ከፈለጉ አንኪ የሚባለው የካርድ መከለሻ መተግበሪያ ጥሩ ነው፤ ለኮምፒውተርና ለአንድሮይድ በነፃ ይገኛል፣ ለአይፎን ይከፈልበታል። በደብተር ከሆነ በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ16ኛው ቀን ይከልሱ። በቀን ከ5 አዲስ ካርድ አይለፉ። በ20 የጀመረ ሰው በሦስተኛው ሳምንት የሚከለሰው ተቆልሎበት ሁሉንም ይተወዋል። በሳምንቱ ውስጥም በየቃሉ ስለራስዎ ኑሮ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ።

አንድ ካርድ አራት ጊዜ ከሳቱ አይታገሉት። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የዓረፍተ ነገሩ ነው፤ ፍንጩ ቀጭን ነው። ይቅደዱትና ያው ቃል ያለበት ሌላ ዓረፍተ ነገር ፈልገው አዲስ ይጻፉ።