የጉዞ ድርጅት ሊዘጋ ሲል፦ ደንበኛን ሳይበድሉ በር መዝጋት

የጉዞ ድርጅት ደንበኛ ከሌላ ገዢ የሚለየው ዛሬ ከፍሎ አገልግሎቱን ከወራት በኋላ ማግኘቱ ነው። ስለዚህ በድርጅቱ ሂሳብ ላይ የሚታየው ገንዘብ አብዛኛው የድርጅቱ አይደለም። ለአየር መንገድና ለሆቴል የሚሄድ ነው፤ ጉዞው ከቀረ ደግሞ ለከፋዩ የሚመለስ። ድርጅት ሲንገዳገድ ትልቁ በደል የሚሠራው ይህ ሲረሳ ነው። ዛሬ የመጣው ደንበኛ በከፈለው የትናንቱን ተጓዥ መላክ ይጀመራል፤ በሩ የተዘጋ ቀን፣ በመጨረሻ የከፈሉት ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 2019 የ178 ዓመት ዕድሜ የነበረው የእንግሊዙ የጉዞ ድርጅት ቶማስ ኩክ ሲዘጋ 150,000 ገደማ የብሪታንያ ተጓዦች ውጭ አገር ነበሩ። አገራቸው የመለሳቸው የብሪታንያ መንግሥትና ለዚሁ አደጋ ሲጠራቀም የኖረ ፈንድ ነው። ክፍያ ያልደረሳቸው አንዳንድ ሆቴሎች ግን እንግዶቹን እንደገና ክፈሉ ብለው ይዘዋቸው ነበር። እንዲህ ያለ ፈንድ ከጀርባው የሌለው ድርጅት ደግሞ ሥራውን ሁሉ ራሱ፣ ያውም ከመዘጋቱ በፊት፣ መጨረስ አለበት።

ሽያጭ የሚቆመው መቼ ነው?

በስሜት አትወስኑ፤ ሠንጠረዥ ሥሩ። ለእያንዳንዱ ገና ያልተጓዘ ደንበኛ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የከፈለውን፣ እናንተ ለአየር መንገድና ለሆቴል ያስተላለፋችሁትን፣ ገና የሚቀረውን። ለምሳሌ ሰውየው 1,000 ከፍሏል፤ 600 ለቲኬት ወጥቷል፤ 300 ለሆቴል ይቀራል፤ የእናንተ 100 ብቻ ናት። እንዲህ ያሉ 80 ደንበኞች ካሉ ለሆቴል ብቻ 24,000 ያስፈልጋል። ደመወዝ፣ ግብርና ኪራይ ተቀንሶ ሂሳቡ ላይ የሚቀረው 15,000 ከሆነ 30 ሰው ማደሪያ የለውም። የጎደለውን የሚሞላ በእጅ የገባ ገንዘብ ከሌለ ሽያጭ የሚቆመው በዚያው ቀን ነው። «ብድሩ ነገ ይለቀቅ ይሆናል» የሚለው ተስፋ በሰው ገንዘብ ላይ የሚጫወቱት ቁማር ነው።

ማቆም ሲባል ጠረጴዛው ላይ ብቻ አይደለም። የድረ ገጹ የክፍያ ቁልፍ፣ በየወሩ ከካርድ በራሱ የሚቆረጠው ክፍያ፣ ቀድሞ የተከፈለበት ማስታወቂያና በኮሚሽን የሚሸጡላችሁ ሰዎች ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይቁሙ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ከካርድ በራሱ የሚቆረጠው ነው፤ ድርጅቱ ተዘግቶ እንኳ ገንዘብ ሲሰበስብ ይገኛል።

ፓስፖርት ከሁሉ ይቀድማል

ለቪዛ የተረከባችሁትን ፓስፖርት በሙሉ ቆጥራችሁ፣ አስፈርማችሁ ለባለቤቱ መልሱ። የሕግ ሰው ቢሮውን ካሸገ በኋላ ከመሳቢያ ፓስፖርት ማውጣት ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ኤምባሲ የገባ ካለ የማመልከቻ ቁጥሩን፣ ደረሰኙንና ባለቤቱ ራሱ እንዲረከብ የሚፈቅድ ደብዳቤ ስጡት።

ተጓዦቹን በሦስት ክፈሉ

አሁን መንገድ ላይ ያሉት አንደኛ፣ በ14 ቀን ውስጥ የሚነሡት ሁለተኛ፣ ቀሪዎቹ ሦስተኛ። ለአንደኞቹ ስልክ ደውሉ፤ መልእክት ብቻ አይበቃም።

ቲኬቱን ስታጣሩ ወረቀቱን አትመኑ። ስድስት ፊደልና አኃዝ ያለው ኮድ ቦታ መያዙን እንጂ ቲኬት መቆረጡን አያሳይም። የተቆረጠ ቲኬት 13 አኃዝ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የአየር መንገዱ መለያ ናቸው። ቁጥሩ ቢኖርም በአየር መንገዱ ሲስተም ላይ ገና ያልተበረረበትና የሚሠራ መሆኑን እዩ። ገንዘብ ያጠረው ድርጅት የተቆረጠ ቲኬት ሰርዞ ተመላሹን ለሌላ ዕዳ ሲያውለው፣ ተጓዡ ያንኑ ወረቀት ይዞ ኤርፖርት ይደርሳል። ይህ ኪሳራ ሳይሆን ማጭበርበር ነው። በደንብ የተቆረጠ ቲኬት ግን ሻጩ ቢዘጋም ብዙውን ጊዜ ይሠራል። ድርጅቱ ራሱ አውሮፕላን ተከራይቶ የሚያበርር ከሆነ ግን መመለሻው አብሮ ሊጠፋ ስለሚችል ሌላ በረራ ቶሎ ፈልጉ።

ቦታው በተያዘበት መዝገብ (ቡኪንግ) ላይ የገባው ስልክና ኢሜይል የማን እንደሆነም እዩ። ወኪሎች የራሳቸውን ማስገባት ለምደዋል፤ በረራው ሰዓት ቢቀይር መልእክቱ ማንም ወደማያነሣው ስልክ ይሄዳል። በተጓዡ አድራሻ ተኩት።

ቫውቸር፣ ማለትም ለእንግዳው ክፍል እንደተያዘለት የሚገልጽ ወረቀት፣ መስጠትም ለሆቴሉ መክፈል አይደለም። ሆቴሉ ጋ ደውላችሁ «ለዚህ እንግዳ እስከ የትኛው ሌሊት ተከፍሏል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀብላችሁ ለእንግዳው ላኩ።

ምን ተብሎ ይነገር

«በቴክኒክ ችግር ምክንያት ለጊዜው» የሚል ማስታወቂያ ውሸት ነው፤ ሰው ሌላ መፍትሔ የሚፈልግበትን ቀን ይሰርቀዋል። እንዲህ ጻፉ፦

«ድርጅታችን ከዛሬ ጀምሮ ሥራ አቁሟል። የእርስዎ የአውሮፕላን ቲኬት ተቆርጧል፤ ቁጥሩ ይኸው። ሆቴልዎ አልተከፈለም። ከእኛ የሚፈልጉት ገንዘብ 300 ነው። በካርድ ከፍለው ከሆነ ዛሬውኑ ለባንክዎ ያመልክቱ፤ ደረሰኝዎንና መዘጋታችንን የሚገልጽ ደብዳቤ አያይዘናል። ይቅርታ እንጠይቃለን።»

በካርድ የተከፈለ ገንዘብ እንዲመለስ ለሚቀርብ አቤቱታ ባንኮች የጊዜ ገደብ አላቸው። በቪዛና በማስተርካርድ የክፍያ ካርዶች ብዙ ጊዜ አገልግሎቱ ይሰጣል ከተባለበት ቀን ጀምሮ 120 ቀን ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤውን አታዘግዩ። በጥሬ ገንዘብ የከፈለው ይህ መንገድ ስለሌለው የተፈረመና ማኅተም ያረፈበት የዕዳ ማረጋገጫ ይገባዋል።

ለማን ይከፈል

በዚህ ላይ ብዙ ደግ ሰዎች ይሳሳታሉ። አልቅሶ ለመጣው፣ ለዘመድ ወይም ጮክ ብሎ ለተናገረው መመለስ ርኅራኄ ይመስላል፤ ግን ዝም ብሎ ተራውን ከሚጠብቀው ላይ የተወሰደ ነው። በብዙ አገር ሕግ እንዲህ ያለ ክፍያ በኋላ ሊሻር ይችላል። ባለቤቱ ለድርጅቱ ያበደረውን ቀድሞ ማውጣቱ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ጠበቃ ወይም ሂሳብ አጣሪ (የሚዘጋ ድርጅትን ንብረትና ዕዳ የሚያጣራ ባለሙያ) አማክሩ፤ እያንዳንዱን ወጪም በምክንያት መዝግቡ።

ሠራተኞች ዜናውን ከደንበኛ አፍ አይስሙ። ባለቤቱ ራሱ በዚያው ጠዋት ይንገራቸው፤ «ችግር የለም በሉ» ብሎ ግን አያዝዛቸው። ስድቡን የሚቀበለው ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ልጅ ነውና ባለቤቱ አጠገቡ ይገኝ። የመጨረሻው ተጓዥ እስኪመለስ ድረስ ስልክ የሚያነሡ ሁለት ሰዎች ይመደቡ፤ ደመወዛቸውም አስቀድሞ በአጣሪው ይጽደቅ። የደንበኞቹ ስም፣ ስልክና የፓስፖርት ቅጂ ለሌላ ድርጅት የሚሸጥ ዕቃ አይደለም፤ ለአጣሪውና ለሕግ የሚያስፈልገው ተለይቶ ይቀመጥ፤ ሌላው ይጥፋ።