ለሲዲኤል ፐርሚት በስልክ አፕ ስታጠኑ፦ አፑ ላይ 98 ከመቶ ያመጣ ሰው ፈተናው ላይ ለምን ይወድቃል?

አሜሪካ ገብቶ ትራክ ለመንዳት ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ለማውጣት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የጽሑፍ ፈተና አልፎ ፐርሚት (የልምምድ ፈቃድ) ማግኘት አለበት፤ ለዚህም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው የመለማመጃ አፕ ስልኩ ላይ በመጫን ነው። አፑ ይጠቅማል፤ ግን ከሲዲኤል ማንዋሉ (የማጥኛ መጽሐፉ) ቀጥሎ እንጂ በማንዋሉ ፋንታ አይደለም። ማንዋሉን እያንዳንዱ ስቴት ድረ ገጹ ላይ በነጻ ያወጣዋል፤ የዲኤምቪ (የስቴቱ መንጃ ፈቃድ ቢሮ) ጥያቄዎችም የሚወጡት ከሱ ነው። ግሪን ካርድ ሳይኖራችሁ በሥራ ፈቃድ የምትኖሩ ደግሞ ለትምህርት ቤትም ሆነ ለአፕ ከመክፈላችሁ በፊት ሲዲኤል ይፈቀድላችሁ እንደሆነ ዲኤምቪን ጠይቁ፤ ከ2025 ወዲህ ደንቡ ጠብቋል።

ተሳቢ ለሚጎትት ትራክ፣ ማለትም ለክላስ ኤ፣ የሚያስፈልጉት የጽሑፍ ፈተናዎች ሦስት ናቸው። በብዙ ስቴቶች ጄኔራል ኖውሌጅ (ጠቅላላ እውቀት) 50፣ ኤር ብሬክ (በአየር ግፊት የሚሠራ ፍሬን) 25፣ ኮምቢኔሽን (ትራክ ከነተሳቢው) 20 ጥያቄ አላቸው። ማለፊያው 80 በመቶ ስለሆነ 40፣ 20 እና 16 መመለስ አለባችሁ። የማንዋሉ ውፍረት አያስደንግጣችሁ። ለጄኔራል ኖውሌጅ ከምዕራፍ 1 እስከ 3፣ ለኤር ብሬክ ምዕራፍ 5፣ ለኮምቢኔሽን ምዕራፍ 6 ነው። አውቶቡስ፣ ታንከርና አደገኛ ጭነት ለጊዜው ይቆዩ።

አፑን እንደከፈታችሁ ስቴታችሁንና የፈተናውን ዓይነት ምረጡ፤ ይህን የዘለለ ሰው የቤት መኪና መንጃ ፈቃድ ጥያቄ ሲሠራ ሊከርም ይችላል። ከዚያ አፑን ራሱን ፈትኑት። የአየር ማነስ ማስጠንቀቂያው ስንት ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ላይ መምጣት እንዳለበት የሚጠይቀውን ጥያቄ ፈልጉ። የድሮ ማንዋሎች 60 ይላሉ፣ አዲሶቹ 55። የአፑ መልስ ከስቴታችሁ ማንዋል ጋር ካልገጠመ አፑ ያረጀ ነውና ሌላ ፈልጉ። በነጻ ሙከራ ጀምሮ በየሳምንቱ ገንዘብ የሚቆርጥ አፕም አለ። እሱን ከስልክ ማጥፋት ክፍያውን አያቆመውም፤ አይፎን ከሆነ ሴቲንግ፣ አንድሮይድ ከሆነ ፕሌይ ስቶር ውስጥ ገብታችሁ ሰብስክሪፕሽኑን (የየሳምንቱን ክፍያ) መሰረዝ አለባችሁ።

አጠናኑ እንዲህ ይሁን፦ አንድ ምዕራፍ አንብቡ፣ በዚያው ቀን የምዕራፉን 20 ወይም 25 ጥያቄ ሥሩ፣ የሳታችሁትን ሁሉ ደብተር ላይ ከነምክንያቱ ጻፉ። ምክንያቱ ከሦስት አያልፍም፤ ቃሉን አላወቃችሁትም፣ ቁጥሩ ተምታታባችሁ፣ ወይም ጥያቄው ውስጥ ያለችውን «ኖት» (አይደለም) ወይም «ኤክሴፕት» (በስተቀር) ዘላችኋት። የመጨረሻውን የሳተ ሰው ምዕራፉን ደግሞ ቢያነብ ምንም አያተርፍም፤ የሚበጀው ቀስ ብሎ ማንበብ ነው።

ሰው በጣም የሚስተው የአየር መፍሰስ ጥያቄን ነው። ሞተሩ ጠፍቷል፣ አየሩ ሞልቷል፣ የማቆሚያ ፍሬኑ ተለቋል፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ፒኤስአይ ቢወርድ ይፈቀዳል? እግራችሁ ፍሬኑ ላይ ከሌለ ለብቻው ላለ መኪና 2፣ ተሳቢ ላለው 3። ፍሬኑን ረግጣችሁ ከያዛችሁ ለብቻው ላለው 3፣ ተሳቢ ላለው 4። ተሳቢ ሲጨመር ቱቦውና መጋጠሚያው ስለሚበዛ፣ ፍሬን ሲረገጥ ደግሞ አየሩ እስከ ፍሬኖቹ ድረስ ስለሚዘልቅ የሚፈቀደው በአንድ በአንድ ከፍ ይላል። 3 ሁለት ቦታ መግባቱን ልብ በሉ። አፑ ላይ «መልሱ 3 ነው» ብሎ የሸመደደ ሰው፣ ዲኤምቪ ውስጥ ጥያቄው «ፍሬኑ ተረግጦ፣ ከነተሳቢው» ብሎ ሲመጣ ያቺኑ 3 ይነካል። ተሳስቷል።

98 ያመጣ ሰው የሚወድቀውም በዚሁ ነው። ነጻ አፕ ውስጥ ያሉት ጥያቄዎች ጥቂት ስለሆኑ ሦስተኛ ዙር ላይ ዓይን ሳያነብ ጣት መልሱን ይነካል፤ ነጥቡ ያደገው በማወቅ ሳይሆን በመልመድ ነው። ለማጣራት ምርጫዎቹን በእጃችሁ ሸፍኑና መልሱን በራሳችሁ ቃል ተናገሩ። ለምሳሌ ርዝመቱ 60 ጫማ የሆነ ትራክ በሰዓት ከ40 ማይል በላይ ሲሄድ ከፊቱ ካለው መኪና ስንት ሰከንድ ይራቅ? ለየ10 ጫማው 1 ሰከንድ፣ ለፍጥነቱ 1 ተጨማሪ፣ ጠቅላላ 7። ስሌቱን ካወቃችሁ ርዝመቱን ቢቀይሩባችሁም አትደናገሩም። ቀጠሮ የምትይዙት በሌላ አፕ፣ አይታችሁት በማታውቁት ጥያቄ፣ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከ90 በላይ ስታመጡ ይሁን። 80 ላይ ቆሞ የሚሄድ ሰው ድንጋጤ የምትወስድበትን ሁለት ሦስት ጥያቄ የሚችልበት ትርፍ የለውም።

በአማርኛ የተተረጎመ የመልስ ዝርዝር ይዞ መሸምደድን አንመክርም። የመንዳት ፈተናው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፣ አስተርጓሚም አይፈቀድም፤ መንገድ ላይ ተቆጣጣሪ ሲያስቆማችሁም በእንግሊዝኛ መመለስ ይጠበቅባችኋል። ስለዚህ አፑ ላይ ያለውን ጥያቄ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። የቃል በቃል ትርጉም ያሳስታል፤ «ፊፍዝ ዊል» አምስተኛ ጎማ ወይም ስኮርታ አይደለም፣ ኪንግ ፒን የሚባለው የተሳቢው ዘንግ ገብቶ የሚቆለፍበት ትራክተሩ ላይ ያለው ብረት ነው። «ግላድ ሃንድ» ደግሞ እጅ ሳይሆን የትራክተሩንና የተሳቢውን የአየር ቱቦ የሚያገናኘው መጋጠሚያ ነው። እንዲህ ያሉትን ከትርጉም ይልቅ በሥዕል ያዙ።

ፐርሚቱ ከወጣ በኋላ ወደ መንዳት ፈተና ለመቅረብ ቢያንስ 14 ቀን መቆየት ግድ ነው። ከየካቲት 2022 ወዲህ ክላስ ኤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያወጣ ሰው ከዚያ ፈተና በፊት በፌዴራል መንግሥት የተመዘገበ ሥልጠና መጨረስ አለበት፤ አፕ ይህን አይተካም። ያ የአየር ፍሰት ቁጥር እዚያም ይጠብቃችኋል፤ ፈታኙ አጠገባችሁ ሆኖ ጌጁን (የአየር ግፊቱን የሚያሳየውን መለኪያ) እያያችሁ በእንግሊዝኛ ትናገሩታላችሁ። ለትምህርት ቤት ከመክፈላችሁ በፊት ስሙን «ትሬኒንግ ፕሮቫይደር ሬጂስትሪ» በሚባለው መዝገብ ላይ ፈልጉ፤ እዚያ ከሌለ ሥልጠናው አይያዝላችሁም።