ከደሴ ተነስቶ በመጽሐፍ እየተመሩ ዓመቱን ሙሉ መጓዝ እንዴት ይቻላል?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የምትኖሩ ከሆነ ለጉብኝት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልጋችሁም። በታሪክ መጻሕፍት ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳ ቦታዎች ጠዋት ወጥቶ ማታ በሚመለሱበት ርቀት ላይ ናቸው። እኔ አጥብቄ የምመክረው ግን አንድ ነገር ነው፦ ከመሄዳችሁ በፊት አንብቡ።

መጀመሪያ ንባቡን ምረጡ። መጽሐፉን መጨረስ ግዴታ አይደለም፤ ስለ ቦታው የሚያወራ አንድ ምዕራፍ ይበቃል። ከቤተ መጻሕፍት ወይም ከወዳጅ ተዋሱ። ዋና ዋናዎቹን ገጾች በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፤ እዚያው ቆማችሁ ታነቧቸዋላችሁ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ደብተር ላይ ጻፉ። ጥያቄ ይዞ የሄደ ሰው ከቄሱም ከሼኩም ከሰፈሩ ሽማግሌም ጋር የሚያወራው አያጣም።

ቀጥሎ ንባቡን ከወቅቱ ጋር አስማሙ። ክረምት ላይ፣ የጦሳን ተራራ ጉም ሲሸፍነው፣ ከከተማ አትራቁ። ስለ 1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ ለማንበብ ጥሩ ጊዜ ነው። ጉባኤውን የጠሩት አፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው። የወሎው ኢማም መሐመድ አሊ ክርስትና ተነስተው ሚካኤል የተባሉትም በዚያው ጊዜ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ቦሩ ሜዳ ደርሳችሁ ተመለሱ። ከዚያ ደሴ ላይ እኚሁ ሰው ንጉሥ ሚካኤል ሆነው ያሠሩትን የአይጠየፍ አዳራሽ እዩ። መግባት ይቻል እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

መስከረም ከጠባ በኋላ ሐይቅ ሂዱ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በወልድያ መንገድ። ለአንባቢ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሐይቅ እስጢፋኖስን የትምህርት ማዕከል አደረጉት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን የተጻፈው ወንጌል እስካሁን በስማቸው ይጠራል። ከገድላቸው ጥቂት አንብባችሁ ብትሄዱ ገዳሙን የምታዩበት ዓይን ይለወጣል። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴቶች አይገቡም፤ አብራችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ ተነጋገሩበት። የሐይቁ ዳር ግን የሁሉም ነው። ዓሣውንም ሳትበሉ አትመለሱ።

ጥር ላይ ባቲ። ሰኞ መሆን አለበት፣ ትልቁ ገበያ ያን ቀን ነው። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛል። ከደሴ የምትነሱ በሐረጎ ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ላይ መኪና ትቀይራላችሁ። ለዚህ ጉዞ ንባቡን በጆሮ አድርጉት፦ መንገድ ላይ የባቲን ቅኝት ስሙ። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸው የዚሁ አገር ነው። ይህን እያሰቡ መስማት ለእኔ ልዩ ደስታ አለው።

የካቲት ደግሞ የአድዋ ወር ነው፤ ውጫሌ ሂዱ። ከጣሊያን ጋር የተደረገውን የ1881ዱን ውል፣ በተለይ ለጦርነቱ ምክንያት የሆነውን አንቀጽ 17፣ እዚያው ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ልጆች ካሏችሁ ውሰዷቸው፤ ክፍል ውስጥ የተማሩት ነገር እነሱ በሚያውቁት አገር የሆነ መሆኑን ይዩ።

ግሸን ማርያምን ለብቻ አስቡት። መስከረም 21 ለንግሡ የሚሄድ ሰው ማደሩን አስልቶ ይውጣ።

የቀረው ቀላል ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት መናኸሪያ ድረሱ። ከአንድ ቀን በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ሹፌር ወይም እዚያ ያለ ዘመድ ጠይቁ፤ ይህን በፍጹም አትዝለሉት። ዘግይቶ የመመለሻ ሚኒባስ ስለሚጠፋ ከ9 ሰዓት በኋላ አትቆዩ። ውሃ፣ ቆሎ፣ ለደሴ ብርድ ጋቢ ያዙ። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

ማታ ቤት ስትገቡ ያንኑ ገጽ እንደገና አንብቡ። ጠዋት ዝም ብላችሁ ያለፋችሁት አረፍተ ነገር ያስቆማችኋል። ስሙን የማታውቁት ሰው ወይም መንደር ካገኛችሁ አስምሩበት፤ የሚቀጥለው ወር ጉዞ ከዚያ ይጀምር።