የዘር ፈሳሽ ምርመራ ውጤት ሲደርስዎ ከስፐርም ብዛት በታች ያለውንም ያንብቡ

ላብራቶሪ ውስጥ ሥራዬ የዘር ፈሳሽን በማይክሮስኮፕ መመርመር ነው። ውጤት የሚቀበል ሰው መጀመሪያ የሚያየው የስፐርሙን ብዛት ነው፤ በሚሊ ሊትር ከ16 ሚሊዮን በላይ ከሆነ እፎይ ይላል፣ ካነሰ ፊቱ ይለዋወጣል። እኔ ግን የሚያሳስበኝ ብዙ ጊዜ ከታች ያለው መስመር ነው።

ናሙናው በአግባቡ ካልተሰጠ ግን የቱም መስመር አይታመንም። ከ2 እስከ 7 ቀን ዘር ሳያፈሱ ይቆዩ። ቤት ውስጥ ከሰጡ እንዳይቀዘቅዝ ሰውነትዎ አጠገብ ይዘው በ1 ሰዓት ውስጥ ያድርሱ። የመጀመሪያው ክፍል ከዕቃው ውጭ ከፈሰሰ ሳያፍሩ ይናገሩ፤ አብዛኛው ስፐርም ያለው እዚያ ላይ ነው። ባለፉት 3 ወራት ኃይለኛ ትኩሳት ከነበረብዎም ይንገሩን። ስፐርም ተሠርቶ እስኪወጣ ያን ያህል ጊዜ ስለሚወስድ የዛሬው ናሙና የያኔውን ሕመም ያሳያል።

አሁን “ክብ ሴሎች” የሚለውን ይፈልጉ። ያልበሰሉ የዘር ሴሎችና ነጭ የደም ሴሎች ሁለቱም ክብ ስለሆኑ በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። ፐርኦክሲዴዝ የሚባለውን ማቅለሚያ ስጨምርበት ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ቡናማ ይሆናሉ፤ ያልበሰሉት የዘር ሴሎች ቀለሙን አይዙም። ስለዚህ “ተለይተው ተቆጥረዋል ወይ?” ብለው ይጠይቁ። ነጭ ሴሎቹ በሚሊ ሊትር 1 ሚሊዮን ከደረሱ የኢንፌክሽን ምርመራ ያስፈልጋል፤ ክላሚዲያና ጨብጥም አይዘንጉ። ኒውትሮፊል ባክቴሪያ ለመግደል የሚረጨው ኬሚካል የስፐርሙን ሽፋንና ዲኤንኤ ይጎዳል። ያም ሆኖ ያለ ኢንፌክሽንም ሊበዙ ስለሚችሉ፣ እባክዎ ቁጥሩን ብቻ አይተው አንቲባዮቲክ አይጀምሩ።

ስፐርሞቹ እርስ በርስ ጭንቅላት ለጭንቅላት ወይም ጅራት ለጅራት ተጣብቀዋል የሚል ከተጻፈ ጉዳዩ የፀረ እንግዳ አካላት ሊሆን ይችላል። ስፐርም መሠራት የሚጀምረው በጉርምስና፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን ከባዕድ መለየት ከተማረ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። እንደ ባዕድ እንዳይቆጠር በዘር ፍሬው ውስጥ ስፐርሙን የሚንከባከቡት የሰርቶሊ ሴሎች አጥረው ይጋርዱታል። ምት ወይም ቀዶ ጥገና አጥሩን ካፈረሰው መከላከያው ሊነሳበት ይችላል። እንዲህ ከሆነ ስፐርም ላይ የተለጠፈ ፀረ እንግዳ አካል ስለሚፈልገው ኤም ኤ አር ስለሚባል ምርመራ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ወደ ሆርሞኑ የደም ምርመራ እንሂድ። ደሙን ጠዋት፣ ምግብ ሳይቀምሱ ይስጡ፤ ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ከፍ የሚለው ያኔ ነው። ታመው ከሆነ እስኪያገግሙ ያቆዩት፤ ብግነትና ትኩሳት ራሳቸው ያወርዱታል። ቁጥሮቹን ደግሞ አንድ ላይ ያንብቧቸው። ከአንጎል ሥር ወጥተው የዘር ፍሬውን የሚያዙት ኤፍኤስኤችና ኤልኤች የሚባሉት ሆርሞኖች ከፍ ብለው ቴስቶስትሮን ከወረደ ችግሩ ያለው የዘር ፍሬው ላይ ነው። ሦስቱም ከወረዱ ግን ትእዛዙ ከአንጎል በኩል አልመጣም ማለት ነው፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ በሆርሞን መርፌ ይታከማል። ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞንም አብሮ ይታይ። ሆርሞኑ ሁሉ ደህና ሆኖ ስፐርም ጭራሽ ከጠፋ የሚወጣበት ቱቦ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገርዎ፦ ልጅ እየፈለጉ ቴስቶስትሮን አይውሰዱ፤ ጂም ውስጥ የሚሰጠውንም ጭምር። ሰውነት ከውጭ ሲያገኝ ኤልኤችንና ኤፍኤስኤችን ያቆማል፣ ስፐርሙም እስከ ዜሮ ሊወርድ ይችላል። እየወሰዱ ከሆነ ለሐኪሙ አይደብቁ፤ ካቆሙ በኋላም ስፐርሙ እስኪመለስ ወራት ይፈጃል።

በአንድ ናሙና ብቻ አይወሰን፤ ውጤቱ ከተዛባ ምርመራው ይደገም። የሆርሞኑንና የዘር ፈሳሹን ወረቀት አብረው ለዩሮሎጂስት (የሽንት ቧንቧና የወንድ መራቢያ አካላት ሐኪም) ያሳዩ፤ የባለቤትዎ ምርመራም የእርስዎ እስኪያልቅ አይጠብቅ።