ከርቀት ያለን ሰርቨር ከማጥፋትዎ በፊት

ሐዋሳ ተቀምጠው አዲስ አበባ የሚገኝን የሊኑክስ ሰርቨር ለጥገና ዳግም የሚያስነሱ ከሆነ፣ ከሁሉ አስቀድመው «አጥፋ» እና «አጥፍተህ አስነሳ» የሚሉት ትእዛዞች እንዳይምታቱብዎ ይጠንቀቁ፤ ሙሉ በሙሉ የጠፋ ማሽን የርቀት መቆጣጠሪያ ካርድ ከሌለው ሰው በአካል ሄዶ ማብሪያውን ካልተጫነ በቀር በአብዛኛው አይነሳም፤ መንገዱም ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው።

እኔ በአንድ ምሽት ሁለት ጥቁር የትእዛዝ መጻፊያ መስኮቶችን (ተርሚናሎችን) ጎን ለጎን ከፍቼ ስሠራ፣ ለላፕቶፔ ያሰብኩትን የማጥፊያ ትእዛዝ ሰርቨሩ መስኮት ላይ ጽፌ በማግስቱ ንጋት ላይ መንገድ ገብቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በማስተዳድራቸው የዴቢያን እና የኡቡንቱ (ሁለቱም የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው) ሰርቨሮች ሁሉ ላይ «ሞሊ ጋርድ» የተባለውን አነስተኛ ፕሮግራም እጭናለሁ፤ በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሰርቨር መግቢያ ዘዴ) የገባ ሰው ማሽኑን ላጥፋ ወይም ላስነሳ ሲል፣ ፕሮግራሙ የሰርቨሩን ስም እንዲጽፍ ይጠይቀዋል፣ ስሙን ከሳተም ትእዛዙን አይፈጽምም።

«ሻትዳውን» የሚለውን ትእዛዝ ሲጠቀሙም ቢያንስ 10 ደቂቃ ይስጡት፤ በሰርቨሩ ላይ በተርሚናል ለገቡ ባልደረቦችዎ ማስጠንቀቂያው ይደርሳቸዋል፣ እርስዎም ስህተት ካዩ ያንኑ ትእዛዝ «ሲ» (-c) ከምትለው አማራጭ ጋር ጽፈው በጊዜ ይሰርዙታል።