በሱስ የተያዘን ሰው ስንረዳ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሱስ የተያዘ ሰው ባለበት ቤት የሚፈጸሙት አብዛኞቹ ስህተቶች ከክፋት የሚመነጩ ሳይሆኑ፣ ሱስ አንጎልን እንዴት እንደሚለውጠው ካለመረዳት የሚመጡ ናቸው። በአገራችን በብዛት የሚታዩት የጫት፣ የአልኮልና እንደ ትራማዶል ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ሱሶች ስለሆኑ ምሳሌዎቹም የተወሰዱት ከእነዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሱሰኛውን ደስታ አሳዳጅ አድርጎ መቁጠር ነው። ምግብም ሆነ የወዳጅ ጨዋታ በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ሱስ አስያዥ ነገሮች ግን ይህንኑ እጅግ በበዛ መጠንና ፍጥነት ያደርጉታል። አንጎልም ጎርፉን ለመቋቋም የዶፓሚን ተቀባዮቹን ስለሚቀንስ ያው መጠን የቀድሞውን ያህል አያረካም፣ የልጅ ሳቅም ሆነ የበዓል ምግብ ይደበዝዛል። በአንጻሩ «አምጣ» የሚለው ፍላጎት እየጠነከረ ይሄዳል። ስለዚህ «አሁን እኮ ምንም አይጥመኝም» እያለ ወደ መለኪያው የሚመለሰውን ሰው ቤተሰቡ ውሸታም ቢለውም፣ ሰውየው እውነቱን ነው፤ መፈለግና መደሰት በአንጎሉ ውስጥ ተለያይተዋል።

ሁለተኛው መሐላን እንደ ሕክምና መቁጠር ነው። በሽማግሌ ፊት «ሁለተኛ አይለምደኝም» ብሎ የማለ ሰው ጠዋት ሲምል ከልቡ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ውሳኔን አስቦ የሚያጸናውና ስሜትን የሚገታው የአንጎል የፊተኛው ክፍል በሱስ የተዳከመው ራሱ ነው፤ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ደግሞ ይበልጥ ያዳክሙታል። ስድብና ማሳፈርም ጭንቀትን ስለሚጨምሩ ሐራራውን ይቀሰቅሳሉ። በፈቃዱ ደመወዙ በሚያምነው ሰው እጅ እንዲቆይ ማድረግ ወይም የሚፈተንበትን ሰዓት በሌላ ሥራ መያዝ ከአሥር መሐላ ይበልጣል፤ እየደከመ ያለውን አንጎል ከውሳኔ ብዛት ያሳርፈዋልና።

ጫትን «ልማድ እንጂ ሱስ አይደለም» ማለት ሦስተኛው ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር በአሠራሩም ሆነ በኬሚካል ቅርጹ አምፌታሚን የተባለውን አነቃቂ ዕፅ ይመስላል፤ ቅጠሉ በደረቀ ቁጥር ኃይሉ ስለሚቀንስ ነው ጫት በኮባ ተጠቅልሎ፣ ሳይጠወልግ ለመድረስ በጥድፊያ የሚጓጓዘው። ምርቃናው ሲያልፍ ድብርት፣ መነጫነጭና እንቅልፍን የሚያውክ ዱካክ ይከተላሉ። ብዙ ቃሚ በዚህ ሰዓት ለመርጋት ወደ መጠጥ፣ ማለትም ወደ ጨብሲ ይሄዳል፤ አንጎሉም በአንዱ መነቃቃትን፣ በሌላው መተኛትን ይለምዳል። «እኔ የምቅመው ብቻ ነው» የሚለው ሰው ሳያውቀው የአልኮል ጥገኛ የሚሆነው በዚህ መንገድ ስለሆነ፣ ጫቱን ብቻ ጠይቆ መጠጡን አለመጠየቅ ግማሽ ምርመራ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ 25 ዓመት አካባቢ እድገቱን ስለማይጨርስ፣ በዩኒቨርሲቲ ዓመታት የሚጀመር መቃም በተለይ ሊያሳስብ ይገባል።

አራተኛው፣ ሰውነት ሲጸዳ አንጎልም ዳነ ብሎ መደምደም ነው። ሁለት ወር ከሰፈሩ ርቆ የቆየ ሰው ፊቱ ተመልሶ፣ ምግብ መብላት ጀምሮ ቤተሰቡን ያስደስታል፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ግን ይቅምበት በነበረው ቤት በር ሲያልፍ የተነጠፈውን ፍራሽ አይቶ፣ የሚጨሰውን ዕጣን አሽትቶ ልቡ ይመታል፣ አፉ ይደርቃል። አንጎል ቦታን፣ ሰዓትንና ሽታን ከሱሱ ጋር አያይዞ ስለሚያስቀምጥ ይህ የእምነት ማነስ አይደለም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሊ ሮቢንስ ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስታጠና፣ እዚያ በሄሮይን ሱስ ተይዘው ከነበሩት ውስጥ በተመለሱበት የመጀመሪያ ዓመት እንደገና የተያዙት 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ለዚህ ከሚቀርቡት ምክንያቶች አንዱ ሱሱን ከሚያስታውሳቸው አካባቢ መራቃቸው ነው። ፀበል ቦታ ሄደው የሚበረቱ ሰዎችም፣ ከእምነቱ በተጨማሪ፣ ከዚህ መራቅ ይጠቀማሉ የሚል ግምት አለኝ፤ ጥያቄው ሲመለሱ ወዴት እንደሚመለሱ ነው። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ካለ ግን በዚያ ቆይታ ሊቋረጥ አይገባም።

ከሁሉም አደገኛው ግን ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረን ሰው በር ቆልፎ በአንድ ቀን ማስቆም ነው። አልኮል የአንጎልን አረጋጊ ሥርዓት ስለሚያግዝ፣ አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ አነቃቂውን ሥርዓት ያጠናክራል። መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ የሚቀረው ልጓም የለቀቀው አነቃቂ ኃይል ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታን የመሰለ መንቀጥቀጥ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ ከፍተኛ ትኩሳትና ግራ መጋባት ሊከተሉ ይችላሉ፤ ካልታከሙም ሊገድሉ ይችላሉ። እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ የሌለ ነገር የሚያይ ወይም ቀኑን የማያውቅ ሰው «መንፈስ ነው» ተብሎ ሳይቆይ በፍጥነት ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ እዚያም በሚያረጋጋ መድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 ደረጃ በደረጃ ይረዳል።

እንደ ትራማዶል ባሉ ማስታገሻ ክኒኖች ረገድ አደጋው በተቃራኒው አቅጣጫ ይመጣል። ለሳምንታት ያቆመ ሰው አንጎሉ ቻይነቱን ስለሚያጣ፣ ተሸንፎ የቀድሞውን መጠን ቢወስድ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ይህን ከማገገሚያ ከመውጣቱ በፊት ለእርሱም ለቤተሰቡም በግልጽ መንገር ያስፈልጋል።